በእናቴ ፋንታ የመለስኩት

«እናቴ፣ ራስዎን ያምዎታል? ከሕመሙ በፊት ዓይንዎ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል?» ብሎ ሐኪሙ ሲጠይቃት እማዬ «ምች አለብኝ፣ እሱ ሲመታኝ…» ብላ ጀመረች። «የለባትም» ብዬ አቋረጥኳት። ሐኪም ፊት ስለ ምችና ስለ ዳማከሴ ማውራቷ አሳፍሮኝ ነበር።

ዋሸሁ። ላሊበላ፣ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ፣ በር ዘግታ ስትተኛ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሕመሙ ሊጀምራት ሲል «ዓይኔ ላይ እሳት ይረጫል» ትለን ነበር። ሐኪሞች ማይግሬን የሚሉት ይህንኑ ነው።

አዲስ አበባ ያመጣኋት ለእግሯ ነበር። ልጆች ወልዳ፣ ለልደት ወደ ላሊበላ የሚጎርፈውን እንግዳ እግር አጥባ ስታበላ፣ ቤተ ማርያም ቆማ ስታድር የኖረች ሴት ናት፤ የባቷ ደም ሥር አብጦ ተጠላልፏል። ሐኪሙ መድኃኒቱንና አየሩን በሁለት ሲሪንጅ መሀል ወዲያ ወዲህ እየገፋ እንደ ወተት አረፋ አነጣው። ይህ አረፋ የደም ሥሩን ግድግዳ ከውስጥ አቁስሎ ያጣብቀዋል። አምልጦ ወደ ላይ የሚሄደውን በአብዛኛው ሳንባ ያጣራዋል። ከአራት ሰው በአንዱ ገደማ ግን በማኅፀን ሳለ በልብ የላይኛው ክፍሎች መሀል የነበረው ቀዳዳ ከተወለደም በኋላ ጨርሶ አይዘጋም፤ በዚያ የሾለከ አረፋ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ዓይን ይጋርዳል፣ ራስ ያሳምማል፣ ከስንት አንዴ ስትሮክም ያመጣል። ማይግሬን ያለበት ሰው ደግሞ ለዓይኑ መታወክ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

መርፌውን ከተወጋች ብዙም ሳይቆይ እማዬ «የፊትህ ግማሹ የት ሄደ?» አለችኝ። ስሜን ልትጠራ ስትል ምላሷ ተሳሰረ። እስኪለቃት ድረስ እጇን ይዤ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። ለቀቃት፤ የጭንቅላት ምርመራዋም ደህና ሆነ።

እውነቱን ለሐኪሙ የነገርኩት ያኔ ነው። ማይግሬን ብቻውን መርፌውን እንደማይከለክል ነገረኝ፤ ይህ ግን እኔን ነጻ አያወጣኝም። ቢያውቅ ኖሮ አረፋውን ሊቀንስ፣ ሌላ መንገድ ሊመርጥ፣ አደጋውንም ነግሯት እሷው እንድትወስን ሊያደርግ ይችል ነበር። ይህን ዕድል ከሁለቱም የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ።

ለእሷ መናገሩ ጊዜ ወሰደብኝ። «እኔማ ልናገር ነበር፤ ቸኩለህ ነው መሰለኝ» ብላ ለእኔው ሰበብ ፈለገችልኝ።

ግራ እግሯ ገና አልታከመም። አረፋው ዳግም እንዳይሰጣት ካርዷ ላይ ተጽፏል። ጥብቁን ካልሲ ጠዋት ጠዋት እህቴ ታለብሳታለች፤ የሆነውን ሁሉ የመርፌው ጥፋት አድርጋ ሐኪሙን ትረግማለች። ለእሷ ገና አልነገርኳትም።