የእማዬ እግርና የዛንዚባር ጀልባ

እማዬ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። 70 ዓመት ስትሞላ፣ ስዊድን የምትኖረው ታናሽ እህቴ «ዘንድሮ እኔ ወደ እናንተ ከምመጣ ሁላችንም ዛንዚባር እንገናኝ» አለች። ትኬቱን እሷ ቻለች። ለእኔና ለባለቤቴ የቀረው ሁለቱን ልጆች፣ ሻንጣውንና እማዬን ይዞ መሄድ ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስጨነቀን ግን ቪዛም፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አልነበረም። ጫማ ነው።

እማዬ ስኳር ካገኛት 16 ዓመት ሆኗታል። ቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ያለባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዓመታት በኋላ ነርቭ ይጎዳና እግር መሰማቱን ይቀንሳል። ክትትል በምታደርግበት ክሊኒክ ያለችው ሲስተር ዓይኗን አስጨፍና በቀጭን የናይለን ክር የእግሯን ጣቶች ትነካካና «ይሰማዎታል፣ እናቴ?» ትላታለች። ድሮ «አዎ» ትል ነበር። አሁን ክሩ አውራ ጣቷ ላይ ተጭኖ ሲጎብጥ እያየሁት ዝም ትላለች። ከዚያ ወዲህ የሲስተሯ ትእዛዝ ጠብቋል፦ ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግር የለም፤ ጫማ ከማድረግ በፊት እጅ አስገብቶ ጠጠር መኖሩን መፈተሽ፤ ማታ ማታ የውስጥ እግርን ማየት፤ የውኃን ሙቀት በእግር ሳይሆን በክንድ መለካት።

እንግዲህ እንዲህ ላለ እግር የጀልባ ሽርሽር ጫማ ምረጡ።

እማዬ የራሷ ምርጫ ነበራት፤ የእሑድ ጥቁር የቆዳ ጫማዋ። «ሰው አገር ሄጄ በነጠላ ጫማ ልታይ ነው?» አለች። ቆዳ የጨው ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ እንደሚደርቅ እንጨት ጠንክሮ እግር እንደሚልጥ ነገርኳት። ነጠላ ጫማውን እኔም አልፈለግሁትም። በጣት መሐል የሚገባው ማሰሪያ ቆዳ ይፍቃል፣ ተረከዝ አይዝም፣ ጭቃ ውስጥ ተነቅሎ ይቀራል። የማይሰማ እግር ደግሞ ጫማው ሲወልቅበት እንኳ አያውቅም። እማዬ አንዱ ነጠላ ጫማዋ ወጥ ቤት ቀርቶ፣ በአንድ እግር ብቻ ተጫምታ ሳሎን ስትገባ ያየኋት ጊዜ አለ።

መርካቶ ወረድኩ። አንዱ ባለሱቅ «ለባሕር?» ብሎ ሳቀና ከላይ መደርደሪያ የላስቲክ ጫማ አወረደልኝ፤ ያ እኛ ልጆች ሳለን አገር ሁሉ ያደርገው የነበረው፣ ኮንጎ የምንለው፣ ዘለበት ያለው። እውነቱን ለመናገር መጥፎ አልነበረም። ውኃ አይጠጣም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ተረከዝ ይይዛል። ለልጆቹ ገዛሁ። ለእማዬ ግን ፊቱ ክፍት ነው፣ ጠርዙም ይቆርጣል። እሷ ደግሞ ገና ስታየው «እኔ ከዚህ ጫማ ልገላገል ብዬ አይደል እንዴ ከተማ የገባሁት!» አለች።

በመጨረሻ እህቴ «እዚህ የውኃ ጫማ የሚባል አለ፣ እኔ አመጣላታለሁ» አለች። ላዩ ውኃ የሚያሳልፍ ተሳሳቢ ጨርቅ ነው፣ ታቹ ጎማ፣ ጣትን ሙሉ ለሙሉ ይሸፍናል። ቁጥሯን ጠየቀችኝ። የእሑድ ጫማዋን ገልብጬ አየሁና 38 አልኳት። እግር ከጠዋት ይልቅ ወደ ማታ እንደሚያብጥ፣ ሙቀትና የአውሮፕላን ጉዞ ሲጨመርበት እንደሚብስ ማሰብ ነበረብኝ። ማታ ወረቀት ላይ አቁሜያት እግሯን በእስክሪብቶ ከብቤ ልኩን ብልክ ኖሮ ያበቃ ነበር። ዛንዚባር በደረስን ማታ ጫማው ግማሽ እግሯ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እህቴ በማግሥቱ ስቶን ታውን ውስጥ በእነዚያ ጠባብ ጎዳናዎች ሱቅ ለሱቅ ዞራ 40 ቁጥር ይዛ ተመለሰች። እማዬ ከሥሩ ስስ ካልሲ አድርጋ ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተመላለሰች። አውልቀን እግሯን አየን፤ የቀላ ቦታ የለም። «የዋናተኛ መሰልኩ» አለች፣ ግን ደስ ብሏታል።

ሽርሽሩ የሚነሣው ከደሴቱ ደቡብ ምዕራብ፣ ፉምባ ከሚባል መንደር ነው። እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች ያላሰብነው ነገር አለ፦ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ በዚያ አካባቢ የከፍታው ልዩነት 4 ሜትር ያህል ይደርሳል። የሄድነው ጨረቃ ሙሉ በሆነች ማግሥት ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ባሕሩ ሸሽቶ፣ ጀልባው ሩቅ ቆሞ አገኘነው። እዚያ ድረስ በእግር ነው። ከሥር ያለውም አሸዋ ብቻ አይደለም፤ ሹል የኮራል ድንጋይ፣ የዛጎል ስብርባሪ፣ አልፎ አልፎም ጥቁር እሾኹን አቁሞ የተቀመጠ የባሕር ጃርት አለ። ሁለት ጎረምሳ ጀልበኞች እማዬን ግራና ቀኝ ይዘው «ፖሌ ፖሌ፣ ቢቢ» እያሉ ወሰዷት። ቀስ በይ፣ አያቴ ማለታቸው ነው። ቢቢ መባሉን ወደደችው። ጫማውም ሥራውን ሠራ።

ከዚያ ጀልባው ላይ ወጣን። አንድ ልጅ ዘንቢል ይዞ ጫማ እየሰበሰበ መጣ። በጫማ የሚገባው አሸዋ የጀልባውን እንጨት እንዳይፍቅ ነው ሥርዓቱ። አስቀድሞ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሁሉም ሰጠ። የእማዬን ጫማና የረጠበውን ካልሲ ያወለቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። «የእናቴ እግር ሕመምተኛ ነው፣ እሷን ተዉልኝ» ማለት አፍሬ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች።

ሸራው ነፋስ ሲይዝ ሕመሙም ጫማውም ተረሳ። እማዬ እጇን ውኃው ላይ ታንሳፍፋለች። «ወዲያ ማዶ የማን አገር ነው?» አለች። «ታንዛኒያ።» «ይሄስ?» «ይሄም ታንዛኒያ።» «ታዲያ ባሕሩ ለምን መሐል ገባ?» ልጆቹ እስኪደክማቸው ሳቁ።

ረፋዱ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ ብሎ፣ ሲመለስ የሚሰወር ነጭ የአሸዋ ክምር ላይ አወረዱን። እኔ ፎቶ አነሣለሁ። እማዬ በባለቤቴ እጅ ተደግፋ በመሰላሉ ወርዳ፣ ነጠላዋን ነፋስ እያውለበለበው ወደ እኛ ትመጣለች። ያንን ፎቶ እስካሁን አላጠፋሁትም። የሰባት ዓመቷ ልጄ «እማማ፣ አሸዋው ላይ ቀይ እየሳልሽ ነው» አለቻት።

ዞረን አየን። ከውኃው ዳር ጀምሮ በቀኝ እግሯ ዱካ ሁሉ ላይ አንድ አንድ ቀይ ነጥብ አለ። እማዬ ፈገግታዋ ገና አልጠፋም። ምንም አልተሰማትም።

ከትንሿ ጣቷ ሥር ነው የተቆረጠችው፣ ዛጎል ይሁን ድንጋይ አላወቅንም። የታሸገ ውኃ አፈሰስንበት፤ በንጹሕ ጎዝ ተጭኜ ያዝኩት፤ ደሙ ቆመ። ባለቤቴ ዘንቢሉን እንዳለ ተሸክሞ መጣ። ከጀልበኞቹ በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ቁስሉን፣ ከዚያ እኔን አይተው «ምን ነው ብትነግሩን? ለቢቢ እኮ አይደለም ሥርዓቱ» አሉ። ያ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። ብጠይቅ ይፈቀድ ነበር።

ለሌላ ሰው ይህ ቁስል አይባልም። እኛ ሰፈር ግን ጣታቸው ላይ በጀመረች ቁስል ሰበብ እግራቸው ከጉልበት በታች የተቆረጠ የእድራችን አባል አሉ። እማዬም ታውቃቸዋለች። ከተማ ተመልሰን ክሊኒክ አሳጠብናት፤ ማታ እኔና እህቴ በሹክሹክታ ተጣላን። «ያወለቅሽው አንቺ» አለችኝ። «ቤተሰብ ሰብስቦ ባሕር የከተተንስ?» አልኳት። የተኛች የመሰለችን እማዬ ከአልጋዋ ላይ «እኔስ አፍ አልነበረኝም? እኔም አፍሬ ነው» አለች። ጸጥ አልን።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሲስተሯ እኔን ተቆጣች፣ እማዬን ግን አልተቆጣቻትም። አንድ ቀን እየዘለልን ማጠብ፣ በየጠዋቱ ስኳር መለካት፣ በቁስሉ በኩል አለመርገጥ። በየማለዳው ጎዙን ስፈታ ጥቁረት፣ ሽታ፣ እብጠት እፈልጋለሁ፤ አጥቼው ቡና አፈላለሁ። በ24ኛው ቀን ገጠመ።

ባለ 40 ቁጥሩ ጫማ አሁን መታጠቢያ ቤት በር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እማዬ ሻወር ስትገባ እሱን ታደርጋለች። ለጎረቤት «ከዛንዚባር ነው» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ባለፈው ሳምንት ማታ ከሥራ ስገባ ልጄ ወለሉ ላይ ወረቀት ዘርግታ የአያቷን እግር በእስክሪብቶ እየከበበች አገኘኋት። እህቴ ሌላ ጫማ ልትልክ ነው። እማዬ «ጥቁር ይሁን በያት» አለችኝ።