በገራዶ ሰማይ የታየው መብራት

ሰው ምድርን በእግሩ እየረገጠ፣ በማረሻው እየገለበጠ ስለሚኖርባት ይለምዳታል፤ ሰማይን ግን ዕድሜ ልኩን ቢያየውም አይለምደውም። ከምድር የሚመጣበትን ችግር ተነሥቶ ይመክታል፤ ከሰማይ የሚታየውን ነገር ግን ቆሞ ይመለከታል፣ ተመልክቶም እንደ ልቡ ይተረጕማል። ልቡ ደስ ያለው ሰው ደስታን፣ ልቡ የቆሰለ ሰው መከራን ያነብበታል።

የደሴ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ዓይነቱ ንባብ ነው ቢባል አንዳንድ አንባቢ ይደነቅ ይሆናል። በታሪክ እንደሚነገረው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ሥፍራ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ እንግዳ ብርሃን አዩ፤ ነገሩንም እንደ ተአምር ቈጥረው ደስ ስላላቸው ከተማ እንዲቈረቈርበት አዘው «ደሴ» አሉት። ያዩት በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የታየው ታላቁ ጭራ ኮከብ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ኮከብ በቀን እንኳ ከፀሐይ አጠገብ እስኪታይ ድረስ የሚያበራ ነበርና። በኬፕ ታውን የነበረው የከዋክብት መርማሪ ዴቪድ ጊልም ይህንኑ ጭራ ኮከብ በፎቶግራፍ አነሣው፤ በፎቶግራፉ ላይ እጅግ ብዙ ከዋክብት አብረው ተቀርጸው ባየ ጊዜ የሰማይን መዝገብ በፎቶግራፍ የማዘጋጀት አሳብ መጣለት። እንግዲህ ንጉሡ አይተው ከተማ መሠረቱ፤ ሊቁ አይቶ መዝገብ ጀመረ። እኔ የማወራው ግን አይቶ በሬውን ሊሸጥ ስለ ተነሣ አንድ የገራዶ ገበሬ ነው።

ሥራዬ ማስተማር ነው፤ በደሴ ለተማሪዎች የፊዚክስ ትምህርት እሰጣለሁ። በአንድ የጥቅምት ሰኞ ከገራዶ የሚመላለስ ተማሪ ከትምህርት በኋላ ቀርቦ፣ በመንደራቸው ሰማይ ላይ እንደ መቍጠሪያ የተሰካ የመብራት ሰልፍ ሁለት ሌሊት መታየቱን፣ ሰዉ መጨነቁንና ሽማግሌዎች ለወዳጃ መሰብሰባቸውን ነገረኝ። «አያቴ አንዱን በሬ በሚመጣው ገበያ ሊሸጡት ነው፤ ከዚህ እንሂድ ይላሉ» ሲል ዐይኑ እንባ አቀረረ። ጥቅምት እህሉ ገና ያልታጨደበት ወር መሆኑን፣ በሬ የሌለው ገበሬም ለከርሞ የሰው እጅ የሚያይ መሆኑን አንባቢ ያውቃል።

እኔም በማግሥቱ ወደ ገራዶ ወረድሁ። እውነቱን ለመናገር የወረድሁት ለመጠየቅ ሳይሆን ለማስተማር ነበር፤ መልሱን በኪሴ ይዤ ነበርና። ሽማግሌው በደጃቸው ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ገና የመጀመሪያውን ስኒ ሳልጨርስ ስለ ሳተላይት እነግራቸው ጀመር። እርሳቸውም እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው አዳመጡኝና፦

«መምህር፣ ልጄ፣ ሳትጠይቀኝ መለስህልኝ» አሉኝ።

ቀጥለውም ከመቀመጫቸው ተነሥተው፦ «እኔ ያየሁትን አንተ አላየህም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በረገጠ ጊዜ፣ ከሰማይ የመጣው ምንም አይደለም ብለን ተቀመጥን። መቀመጣችን ምን እንዳስከፈለን ይህ ግቢ ይመሰክራል» ብለው ባዶውን በረት አሳዩኝ። ከአራት ከብት የቀራቸው ሁለት በሬ ብቻ ነበር። ፊቴ በኀፍረት ተለበለበ። ሽማግሌው ብርሃኑን የፈሩት ባለማወቃቸው መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን የፈሩት አንድ ነገር በሚገባ ስለሚያውቁ ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተሬን አውጥቼ እንደ ተማሪ መጠየቅ ጀመርሁ። ብርሃኑን አየን ያሉትን አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ ለየብቻ አነጋገርኋቸው። ያየ ሰው ሁሉ ሰዓትን በሰዓት፣ ርቀትን በሜትር አይናገርም፤ ነገር ግን ሁሉም የራሱ መለኪያ አለው። አንድ ሼህ «ከመግሪብ በኋላ፣ ከዒሻ በፊት» አሉኝ፤ ብርሃኑ የቆየበትንም ጊዜ «ፋቲሓን ዐሥር ጊዜ ያህል ብቀራ» ብለው መጠኑልኝ። አንዲት እናት «ላሚቱን አልቤ ስነሣ» አለችኝ። እጃቸውን ዘርግተው ጡጫቸውን ወደ ሰማይ እንዲያነሡ እየጠየቅሁ፣ ሰልፉ ስንት ጡጫ ያህል እንደሚረዝም አስለካኋቸው፤ በተዘረጋ እጅ ጫፍ ያለ ጡጫ ከሰማዩ ዐሥር ዲግሪ ያህል ይሸፍናልና። ድምፅ ነበረው ወይ ብዬ ስጠይቅም ሁሉም አንድ ቃል መለሱ፦ ድምፅ የለውም። ድምፁን ከቶ አይስቱትም፤ የሚያንዣብብ መሣሪያ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ከትልቅ እስከ ትንሽ ሁሉም ያውቃሉ።

ይሁን እንጂ ቃላቸው በአንድ ነገር ተለያየ። ገሚሶቹ መብራቱ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሄደ ሲሉ፣ ሌሎቹ መካከል ላይ ጠፋ አሉ። እኔም ከምስክሮቹ አንዱ ወገን ተሳስቷል ብዬ ልጽፍ ስል፣ ዕድሜው ዐሥር ዓመት የማይሞላ እረኛ ከአጥር ማዶ ሆኖ፦ «ጋሼ፣ የፊተኛው ሌሊት አቋርጦ ሄደ፤ በሁለተኛው ግን ከዚያ ዋርካ በላይ ሲደርስ አንድ በአንድ ጠፋ። ሁሉም እዚያው ሲደርሱ ነው የሚጠፉት» አለኝ። ዕቃው አንድ ሆኖ ሌሊቱ ሁለት መሆኑን አሥሩ አዋቂዎች አላስታወሱም፤ ልጁ ብቻ ለይቶ ይዞታል።

ይህ የልጁ ቃል ነበር ነገሩን የፈታው። ስፔስኤክስ የተባለው ድርጅት የኢንተርኔት መስመር ለመዘርጋት ስታርሊንክ የተባሉትን ሳተላይቶች በብዛት ወደ ሰማይ መላክ የጀመረው በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ መንኰራኵር ስድሳ ሳተላይቶች ተላኩ። ከዚያ ወዲህ የተላኩት በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። መንኰራኵሩ ሲለቃቸው መጀመሪያ በዝቅተኛ ከፍታ ተጠጋግተው ስለሚጓዙ፣ ለጥቂት ሌሊቶች እንደ ተሰካ ዶቃ ሆነው ይታያሉ፤ በኋላም እየተራራቁ ወደ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣሉ። የራሳቸው መብራት የላቸውም፤ የሚያበሩት የፀሐይን ብርሃን እየመለሱ ነው። ስለዚህ ለዓይን ጐልተው የሚታዩት ምድር ጨልሞ እነርሱ ግን ገና በፀሐይ ውስጥ ሲሆኑ፣ ይኸውም ልክ በመግሪብና በዒሻ መካከል፣ ወይም ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ነው። ከምድር ጥላ ውስጥ በገቡበት ሥፍራ ደግሞ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ የልጁ ዋርካ የጥላው ድንበር ነበር።

ይህን ሁሉ በደብተሬ ካሰፈርሁ በኋላ እንኳ እንደ መጀመሪያው ቀን ለመናገር አልደፈርሁም። ወደ ሽማግሌው ተመልሼ፦ «አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገራዶ ሜዳው ላይ ሲጨልም የተራሮቹ ጫፍ እንዴት ይሆናል?» አልኋቸው።

«ጫፉማ ገና ፀሐይ አለው» አሉኝ።

«ከተራራው ጫፍ በላይ እጅግ ከፍ ብሎ የሚሄድ ነገር ቢኖርስ?»

ጥቂት አሰቡና «ከእኛ በኋላ ነው የሚመሽበት» አሉ። ይህንን ትምህርት እኔ በሰሌዳ ላይ ክብና መስመር እየሣልሁ ለተማሪዎች ለማስረዳት አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል።

ነገር ግን መረዳት አንድ ነው፣ ማመን ሌላ። ሽማግሌው «ደግ ነው፤ ሰው የሠራው ከሆነ ሰው መምጫውን ያውቃል። ነገ መቼ እንደሚመጣ ንገረኝ። ካልመጣ በሬውን እሸጣለሁ» አሉኝ። በስልኬ የሳተላይቶቹን መንገድ ከሚያሰላው መርሐ ግብር ሰዓቱን አየሁ፤ በማግሥቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ያልፋሉ ይላል። ነገሩን ተናገርሁ፤ መንደሩም ሰማ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደመና ቢሆንስ? ስሌቱ ቢሳሳትስ? በአንድ ቃሌ ላይ የአንድ ቤተ ሰብ የከርሞ እርሻ ተንጠልጥሏል።

በማግሥቱ ምሽት ሼሁም፣ እናቶችም፣ ልጆችም በሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ፤ ምንም የለም። ሃያ ሁለት ሆነ፤ አንድ ጐልማሳ ሳቀ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ሰማዩን እንጂ እኔን አላዩኝም። ሃያ አራት ላይ ያ እረኛ «ያውና!» ብሎ ጮኸ። ከበፊቱ ይልቅ ተራርቀው፣ ደብዘዝ ብለው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ያለ አንዳች ድምፅ ከፍ አሉ፤ ከዋርካው በላይም ሲደርሱ እንደ ሻማ አንድ በአንድ ጠፉ። ልጆቹ ይቈጥሩ ነበር። ሽማግሌው ግን የመጨረሻው እስኪጠፋ ድረስ ቆዩና፦ «ዳኛው መጥፎ አልፈረደም፤ በሬው ይቈይ» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፦ «እንዲያው ግን፣ በላያችን ሲያልፉ ያስፈቀዱት ማንን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም።

ይህ ጥያቄ የገራዶ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ ሙኩኩ በተባለ መንደር፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ያህል የሆነ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቆ ሕዝቡን አስደንግጧል፤ የአገሩ የሕዋ ድርጅትም ከመንኰራኵር የተለየ ክፍል መሆኑን ገልጧል። ከዚያም በጥር ወር መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየነደደ የሚሄድ ነገር ታይቶ፣ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሕዋ ስብርባሪ ወይም የተወርዋሪ ኮከብ አለት ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል። ኢትዮጵያ ራሷም በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ልካለች። ሰማዩ ከእንግዲህ የከዋክብት ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ አይቶ የሚጠይቅ ገበሬ ይበዛል፣ ቀርቦ የሚያዳምጥ መምህርም ሊበዛ ይገባል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ብደብቀው ደብተሬ ይታዘበኛል። ከአሥራ አንዱ ምስክሮች መካከል አንዲት አሮጊት ያዩት ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። እኒህ እናት ሰልፍ አላዩም፤ ያዩት አንድ ቀላ ያለ ብርሃን ሲሆን፣ ከተራራው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ እንቅስቃሴ ቆሞ፣ ውሃ ቀድተው እስኪመለሱ ቆይቶ ጠፋ። ኮከብ ይሆን ብዬ የከዋክብቱን ቦታ መረመርሁ፤ አልገጠመም። እሳት ይሆን ብዬ ጠየቅሁ፤ በዚያ በኩል ቤትም መንገድም የለም። የአሜሪካ አየር ኃይል እንኳ ለብዙ ዓመታት መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራውን ሲዘጋ፣ ከተመዘገቡት 12,618 ወሬዎች 701ዱን «ያልታወቀ» ብሎ ትቷቸዋል። አልታወቀም ማለት ተአምር ነው ማለት አይደለም፤ ሐሰት ነው ማለትም አይደለም። እኔም በእኒህ እናት ስም ትይዩ «አልታወቀም» ብዬ ጻፍሁ።

ጽሕፈቱን ሳነብላቸው ይቀየሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው፦ «ተመስገን፤ ዋሸች ብለህ አልጻፍህም» አሉኝ።

ወደ ደሴ ስመለስ መሽቶ ነበር። ዳገቱን ስጨርስ ቆም ብዬ ወደ ገራዶ ዞር አልሁ፤ ሜዳው ጨልሟል፣ በቤቶቹ ውስጥ ጥቂት መብራት ይታያል። ከዚህ ሥፍራ ንጉሡ ሰማይን አይተው ደስ እንዳላቸው ይነገራል። እኔንም የዚያን ቀን ደስ ያለኝ ሰማዩን ስለ ፈታሁት አይደለም፤ አንድ በሬ በበረቱ ስለ አደረና አንዲት አሮጊት ስለ ታመኑ ነው። በበነጋውም ለተማሪዎቼ ትምህርቱን የጀመርሁት በሰሌዳ ላይ ክብ በመሣል አልነበረም፤ «ያያችሁትን ንገሩኝ» በማለት ነበር እንጂ።