በክረምት ወደ ሐይቆቹ

ሰኔ ተጋምሶ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። «ዘንድሮስ አንድ ቦታ ሄጄ አገር ማየት አለብኝ፤ ብቻ ክረምቱ ይውጣ» ይባላል። ክረምቱ በእውነት ይወጣል፤ ነገር ግን ዕረፍቱም አብሮት ይወጣል። መስከረም ሲጠባ ተማሪው ወደ ደብተሩ፥ መምህሩ ወደ ጠመኔው፥ ጸሐፊው ወደ መዝገቡ ይመለሳል። እንዲህ እየተባለ ዓመት በዓመት ላይ ይደራረባል እንጂ አገር አይታይም።

እኔ በወላይታ፥ በጉኑኖ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ደመወዜ ምን ያህል እንደ ሆነ አልነግራችሁም፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የምትቀበሉት ያንኑ ያህል ስለ ሆነ ታውቁታላችሁ። ሦስት ባልደረቦቼና እኔ ከጥር ወር ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ እያዋጣን በአንዳችን እጅ አስቀምጠናል። በሐምሌ መጨረሻም ለአምስት ቀን ወደ አባያና ወደ ጫሞ ሐይቆች ልንሄድ ቆርጠናል። ጕዞውን እንዴት እንዳሰብነው ብነግራችሁ፥ እናንተም በያላችሁበት የራሳችሁን መንገድ ለማሰብ ይረዳችሁ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ዝናቡ ልናገር። «ክረምት» ሲባል አገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚረጥብ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጉኑኖና ሶዶ ከባሕር ወለል ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ በሐምሌና በነሐሴ ዶፉ አይለቃቸውም። አርባ ምንጭ ግን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ወደ 1300 ሜትር ዝቅ ብላ የምትገኝ ናት። ዋናው ዝናቧ በሚያዝያና በግንቦት፥ ሁለተኛው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ለእርሷ በሁለቱ ዝናቦች መካከል ያሉ ወራት ናቸው። ስለዚህ ጧት ካፖርት ለብሰን ከጉኑኖ ጭቃ ብንነሣ፥ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር በሸሚዝ እንቀመጣለን የሚል ተስፋ አለን።

እናቴ ይህን ሐሳብ ስነግራት ሳቀችና፥ «ልጄ፥ ውሃ ከሰማይ እየወረደልህ ውሃ ፍለጋ ትሄዳለህ?» አለችኝ። ከሳቋ በስተጀርባ ቁም ነገር እንዳለ አላጣሁትም። የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ በመስከረም ይውላል። ለዚያ በዓል አባት ለበሬው፥ እናት ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፤ ደመወዝተኛ ልጅም ባዶ እጁን አይመጣም። በሐምሌ በመንገድ የፈሰሰ ገንዘብ በመስከረም ጉድለቱ ይታያል። ስለዚህ በዕቅዳችን ወረቀት ላይ በመጀመሪያው መሥመር የጻፍነው የጊፋታውን ገንዘብ ነው። እርሱን ለይተን ካስቀመጥን በኋላ የተረፈው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ አሰላን። እኛ ዐሥር ቀን ተመኝተን ነበር፤ ሒሳቡ ግን አምስት ቀን አለን። ወረቀቱን ለእናቴ ባነበብኩላት ጊዜ፥ «እንግዲያው ጋቢህን እንዳትረሳ» ብላ ዝም አለች። ይህ በቤታችን ፈቃድ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነገር የመንገዱ አደጋ ነው። በአውሮፓ ክረምት ማለት በረዶ ነው። በስዊዘርላንድ ተራሮችና ሐይቆች መካከል በመኪና የሚጓዝ ሰው አስፈላጊ ሲሆን በጎማው ላይ ሰንሰለት ያስራል፤ ከመነሣቱም በፊት የትኛው የተራራ መንገድ እንደ ተዘጋ ይጠይቃል። የእኛም ክረምት ጎርፍና ናዳ አለው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። እነርሱን ቆፍረው ለማውጣት በተሰበሰቡት ላይም ሌላ ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎፋ ጎረቤታችን ነው፤ የክረምትን ጕዞ ሳወድስ ያን ቀን ረስቼው አይደለም።

ስለዚህ ለራሳችን አራት ደንብ አወጣን። አንደኛ፥ መንገድ የምንሄደው በጧት ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ጎርፍ መንገዱን ካቋረጠ፥ ሾፌሩ «ይታለፋል» ቢል እንኳ፥ እኛ ወርደን ውሃው እስኪጎድል እንጠብቃለን። ሦስተኛ፥ ትርፍ ሰው በጫነ መኪና አንሳፈርም፤ ቀጣዩ እስኪመጣ መናኸሪያ ውስጥ ተቀምጦ ቆሎ መቆርጠም ይሻላል። አራተኛ፥ ከአምስቱ ቀናት አንዱን ምንም ሳናስብበት ባዶ ትተነዋል። መንገድ ቢዘጋ የሚቃጠለው ያ ቀን ብቻ ይሆናል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዳችን አጎበር እንይዛለን። ዋናዎቹ የወባ ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ቢሆኑም፥ የሐይቅ ዳር ትንኝ ቀን ቈጥራ አትመጣም።

አሁን ወደ መንገዱ ልመልሳችሁ። በመጀመሪያው ቀን ከጉኑኖ ወደ ሶዶ በሚኒባስ፥ ከሶዶ መናኸሪያም ወደ አርባ ምንጭ እንሄዳለን፤ ከሶዶ ወዲያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሶዶ በላይ የቆመውን የዳሞታን ተራራ ሁላችሁም በስም ሳታውቁት አትቀሩም። በዚህ አካባቢ የሚዘንበው ውሃ ሁለት ቦታ ይካፈላል። በስተምዕራብ የወረደው ወደ ኦሞ ወንዝ ገብቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ይዘልቃል፤ በስተምሥራቅ የወረደው ደግሞ በብላቴ ወንዝ በኩል አባያ ይገባል። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች በሁለት አገር ሐይቆች ውስጥ ያርፋሉ ማለት ነው።

ከሶዶ ቍልቍል ሲወረድ ሁምቦ ይደረሳል። የሁምቦ ተራራ ተራቍቶ አፈሩ የሚታጠብ ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ወደ 2700 ሄክታር የሚሆነውን መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ጠበቁት። ከመሬት ውስጥ ሥሩ ያልሞተው ጕቶ ሁሉ እንደገና አቈጠቈጠ፤ ተራራውም ለበሰ። ይህን ለማየት ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም።

ከዚያ ወዲያ በስተግራ አባያ ብቅ ይላል። ስፋቱ ከ1100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። ቀለሙ እንደ ሸክላ ቀላ ያለ ነው። ጎረቤቱ ጫሞ በስፋት ያንሳል፤ ውሃው ግን ወደ ሰማያዊነት ያደላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ ኮረብታማ መሬት ሰዎች «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። በሁለተኛው ቀን ጧት፥ ነፋስ ሳይነሣ፥ በጫሞ ላይ በጀልባ ወጥተን አዞውንና ጕማሬውን ከሩቅ እናያለን። በሦስተኛው ቀን፥ ሰማዩ ከፈቀደ፥ ወደ ጨንቻ ደጋ እንወጣለን። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም 1400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ጋቢው እዚያ ይፈለጋል። የዶርዜን ሸማኔዎችና ከቀርከሃ የተሠሩትን ረጃጅም ቤቶች አይተን እንወርዳለን። የነጭ ሣርን ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ግን ጠንካራ መኪና ስለሚጠይቅ ከዕቅዳችን አውጥተነዋል። አራተኛው ባዶው ቀን ነው፤ በአምስተኛው እንመለሳለን።

ይህ ሁሉ ለምን ትሉኝ ይሆናል። ተማሪዎቼ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ስም ከዝዋይ እስከ ጫሞ ሳይተነፍሱ ይደግሙታል፤ ፈተናም ላይ ይመልሱታል። በዚህ ዓመት ግን አንድ ልጅ፥ «ቲቸር፥ አባያ ለምን ቀላ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንዞች በሚያመጡት ደቃቅ አፈር ነው፥ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነም ነፋስ ያማስለዋል አልኩት። ልጁ ዝም አላለም፤ «አፈሩስ የማን ነው?» አለ።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለጉኑኖ ሰዎች የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በጉኑኖ የአፈር ጥበቃ ጥናት ጣቢያ አቋቁመው ዝናብ ከተዳፋቱ ላይ ምን ያህል አፈር እንደሚያጥብ ይለኩ ነበር። ቀይ ጎርፍ በየደጃችን ሲያልፍ እናየዋለን፤ የእንሰታችንና የበቆሏችን መሬት እንደ ሆነም እናውቃለን። ወዴት እንደሚደርስ ግን ተከትሎ ያየ ጥቂት ነው። በበጋ ይህን ማየት አይቻልም፤ ወንዙም ጎርፉም ሥራ ላይ ያሉት አሁን ነው።

ስለዚህ በሻንጣዬ ሦስት ባዶ የውሃ ጠርሙስ እይዛለሁ። አንዱን ከመነሣቴ በፊት ከጉኑኖ ጎርፍ፥ ሁለተኛውን ከአባያ፥ ሦስተኛውን ከጫሞ እሞላዋለሁ። መስከረም ላይ ሦስቱን በክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አቆማቸዋለሁ። የትኛው ቶሎ እንደሚጠራ፥ ከየጠርሙሱ ሥር ምን ያህል አፈር እንደሚተኛ ልጆቹ ራሳቸው በማስመሪያ ይለካሉ። ለዚያ ልጅ ከዚህ የበለጠ መልስ ማዘጋጀት አልችልም።

እናንተስ? በአዲስ አበባ ያላችሁ ቢሾፍቱ በጧት ሄዶ በማታ መመለሻ ናት። ወንጪን የምታስቡ ደግሞ እርሱ ደጋ ስለ ሆነ በነሐሴ ጭጋግና ጭቃ እንደሚቀበላችሁ ዐውቃችሁ ሂዱ። ወዴትም ብትሄዱ ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት አውጡ። በመጀመሪያው መሥመር የቤታችሁን ግዴታ፥ በሁለተኛው ዝናቡ የትና መቼ እንደሚበረታ፥ በሦስተኛው የምትተዉትን ባዶ ቀን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ያንን መንገድ ዘወትር የሚመላለስ አንድ ሾፌር ፈልጋችሁ ወረቀታችሁን አንብቡለት። ከሣቀባችሁ፥ ምክንያቱን ሳትጠይቁ አትለዩት።