ከማጨብጨብ በፊት

በወጣትነቴ የዓለማየሁ እሸቴን «አዲስ አበባ ቤቴ» በሸክላ እየሰማሁ ከተማዬን ማድነቅ ተምሬ ነበር። ወቀሳዋን የሰማሁት ግን አርጅቼ፥ ባለፈው ጥር፥ እዚሁ ካራ በጎረቤቴ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ነው።

አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ አንዲት ሽቅርቅር ሴት ያነሣ ጀመር። ሴቲቱ ለእንግዳ ተኳኩላ ታበራለች፤ በጓሮዋ ግን ልጆቿ እራት ሳይበሉ ያድራሉ። ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁ ግን አዲስ አበባ እንደ ሆነች ሁላችን ገባን። እውነት ስለ ተናገረም አጨበጨብሁ፤ ተነሥቼም 100 ብር በግንባሩ ላይ ለጠፍሁለት።

የአዝማሪ ወቀሳ ቀላል ነገር አይደለም። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ፥ በአዲስ አበባ የመግደል ሙከራ ከተደረገበት በኋላ፥ አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ያዘዘው ቃላቸውን ስለ ፈራ ነው። ጠላት ዘፈኑን ፈርቶ ዘፋኙን ገደለ። እኛ ግን አጨብጭበን እንረሳዋለን።

በማግስቱ ወደ ማታ መብራት ጠፋና እንጀራ የሚጋገርበት እንጨት አስፈለገ። ከተራራው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ፥ ወገቧ ጎብጦ የምትወርድ ሴት በደጄ ስታልፍ ጠራኋት። ዋጋውን ስትነግረኝ «20 ብር ቀንሺ» አልኋት። ወደምትጠልቀው ፀሐይ ተመለከተችና፥ «እሺ አባባ፤ ልጄን ብቻዋን ትቻት ነው የወጣሁት» አለችኝ። እኔም በገበያዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

እሳቱ ሲነድ አዝማሪው ትዝ አለኝ። ለወቀሳው 100 ብር ሰጥቼ፥ ወቀሳው ከተዘፈነላት ሴት 20 ብር ቀነስሁ!

አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከቆረቆሩ ወዲህ፥ ከተማዋ ማገዶዋን ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች ስታወርድ ኖራለች። የአገሩ ዛፍ ሲያልቅ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ላይ ያማረ መናፈሻ ተከፈተ። ዛፉም ተለወጠ፤ ተራራውም አማረ፤ ከሸክሙ በታች ያለችው ግን እስከ ዛሬ ያችው ሴት ናት።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሰቆቃወ ኤርምያስን አስጠንተውን ነበር። ስለ ፈረሰችው ኢየሩሳሌም የተለቀሰ አምስት ምዕራፍ ነው። ከተማይቱን አጥብቆ ይወቅሳል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ግን በደሉን ሲናዘዝ «እነርሱ» አይልም፤ «እኛ» ይላል። ይህችን አንዲት ቃል በልጅነቴ በቃሌ አጠናኋት፤ ትርጓሜዋን ግን ያገኘሁት በ20 ብር ነው።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በደጄ ቆሜ ያችን ሴት እጠብቃለሁ፤ እስካሁን አላለፈችም። ገንዘቧ በመጽሐፌ መካከል ተቀምጧል።

ልጆቼ፥ ከተማ ጆሮ የላትም፤ ጆሮ ያለን እኛ ነን። እንግዲህ ከተማችሁን የሚወቅስ ዘፈን ስትሰሙ፥ ከማጨብጨባችሁ በፊት የራሳችሁን ስም በውስጡ ፈልጉ።