«የማን ልጅ ነሽ?» የሚል ሐኪም

እናንተ የከተማ ልጆች፣ እስቲ እውነቱን እናውራ። አዲስ አበባ ላይ ስንታመም ማን ያውቀናል? ካርድ ክፍል ቁጥር ይሰጠናል፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ላብራቶሪ» ይላል፣ ወረቀታችንን ይዘን ውልቅ! «ቤተሰቤን የሚያውቅ አንድ ሐኪም በኖረኝ» ያላለ አለ? የቤተሰብ ሕክምና የሚባለው ስፔሻሊቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት የጀመረው እንኳ በ2005 ዓ.ም. ነው። ትናንት በሉት።

ጨፋ ሮቢት ግን ያለ ስፔሻሊቲውም ነገሩ አለ። ዘመድ ጥየቃ ሄጄ የ19 ዓመቷን የአክስቴን ልጅ አጅቤ አንዲት የግል ክሊኒክ ገባሁ። ጤና መኮንኑን ወደድኩት። አንዷን እናት «ማልቱ ኢሲን ዹኩባ?» ብሎ በኦሮምኛ ይጠይቃል፣ ዞር ብሎ ሌላውን በአማርኛ ያጫውታል። «መርፌ ውጋኝ» ብለው ድርቅ ያሉትን አዛውንት ሳይቆጣ መለሳቸው። ወባ ለተገኘበት ጎረምሳ ደግሞ «ኮአርተሙን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ዋጥ፤ ቢሻልህም 3ቱንም ቀን ጨርስ» አለው። (ለቆላ ጉዞ ያሰባችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ!)

ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ። «አንቺ የእነ እንትና ልጅ አይደለሽም? የእናትሽ ግፊት እንዴት ሆነ?» አላት። እንዴት ደስ ይላል! መጋረጃዋ ግን ስስ ናት፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ወረፋ ጠባቂው ጆሮውን አቁሟል። «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ሲላት ልጅት አቀርቅራ «ራሴን» አለች። ፓራሲታሞል ተሰጣትና ወጣን።

በር ላይ ጠብቄ ያዝኳት። ለካ ሽንቷን ስትሸና ያቃጥላታል! ሳምንት ሆኗታል። «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?» ብላት «ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ከእማዬ ጋር ቡና ትጠጣለች። ማታውኑ ሰፈሩ ‘ከወንድ ነው ያመጣችው’ ይለኛል» አለችኝ። ምን ልበላት? የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወንድ ለማታውቅ ሴትም እንደሚመጣ እኔና እናንተ እናውቃለን። ሰፈር ግን የላብራቶሪ ውጤት አይጠብቅም።

በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አላት፤ ጎኗን ቀስፎ ያዛት። እናቷ «ወባ ነው» አሉ። በሚኒባስ ከሚሴ ወሰድኳት፣ የማን ልጅ እንደሆነች የሚጠይቅ ወደሌለበት። ሽንቷ ታየ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት እየወጣ ነበር። ቶሎ ቢያዝ በጥቂት ቀን ኪኒን የሚያልቅ ነገር መርፌ አስከተለ። አሁን ድናለች። ለእናቷ ግፊት ግን ዛሬም ያችው ክሊኒክ ትመላለሳለች፤ የራሷን ካርድ ከከሚሴ አላወጣችም።

እኔ ጥፋቱን በጤና መኮንኑ ላይ አልጥልም። ሰውየው ደግ ነው። ነገር ግን ደግነትና ምስጢር መጠበቅ ለየቅል ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በሙያው ያወቀውን ምስጢር ያወጣ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት፣ ተበዳዩ አቤት ካለ፣ እንደሚቀጣ ይናገራል። ግን የ19 ዓመት ልጅ ጎረቤቷን ከሳ የት ትኖራለች? በሩን መግጠም ይቀላል! የክሊኒክ ባለቤቶች፣ አንድ ወፍራም መጋረጃ ስንት ብር ነው?

እስከዚያው፣ እህቶቼም ወንድሞቼም፣ ሰው ፊት ሕመማችሁን አትናገሩ፣ ግን በሌላ ሕመምም አትቀይሩት። «ለብቻዬ ላነጋግርዎት» በሉ። አፍ ከተሳሰረ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ማቀበልም አለ። «እዚህ ያለችው ሴትዮ ትውጣልኝ» ማለትም መብት ነው፣ ሴትየዋ የገዛ አክስታችሁ ብትሆንም።