ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ

እናቴ ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቿ ከተነቀሉ ወዲህ፣ ኮልፌ አጠና ተራ ያሉ ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ ቆሎ ሲዘግኑላት «ጠግቤያለሁ» ማለት አበዛች። እኛ ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተን ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰድናት።

ሐኪሙ ሦስት አማራጭ አስረዳን። ተነቃዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ዋጋው ይቀላል፤ ግን ማታ ይወልቃል፣ ሲያኝኩበትም ሊንቀሳቀስ ይችላል። ድልድይ የሚባለው አይወልቅም፤ እንዲደገፍ ግን ግራና ቀኝ ያሉት ጤነኛ ጥርሶች ይሞረዳሉ። «ያሉኝን አትንኩብኝ!» አለች እናቴ። ሦስተኛው ኢምፕላንት ነው፤ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ ተክሎታል። አጥንቱ ብረቱን አጥብቆ እስኪይዘው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል።

እኛ ያሰብነው ኢምፕላንቱን ነበር። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ስለ እናቴ ስኳር ጠየቀ። ስኳር ካልተስተካከለ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ የተተከለውም ላይጸና ይችላል። እናቴ ስኳሯ እስኪስተካከል ተነቃዩን መረጠች።

እናንተም ከዋጋው በፊት ስለ ስኳር፣ ስለ ሲጋራና ስለ አጥንቱ ውፍረት ጠይቁ። ጥርስ የወለቀበት አጥንት እያደር ይሳሳልና ምርመራውን ለነገ አትበሉ። ምርጫውን ግን ለአፉ ባለቤት ተዉለት።