ፊት ያልነበራቸው ወታደሮች

ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ ግርጌ ለአሥራ አምስት ዓመታት ሳይከፈት የኖረ ካርቶን ነበር። በውስጡ መቶ ሃያ የናፖሊዮን እግረኛ ወታደሮች ተኝተዋል፤ የሰውን ቁመት አንድ ሰባ ሁለተኛ የሚያህሉ፣ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚዘልቁ ግራጫ ፕላስቲኮች። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት አውሮፓ ሳለሁ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው የገዛኋቸው። ቀለም ቀብቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1812 የተካሄደውን የሩሲያ ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ ልጫወትባቸው አስቤ ነበር። ሥራው በዛ፤ ጽሑፉ በዛ፤ ሠራዊቱም ልብስ ሳይለብስ አረጀ።

ጨዋታውን የልጆች ብቻ አድርጎ የሚያይ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትዝ የተባለ መኮንን ያቀረበውን የጦርነት ጨዋታ የፕሩሲያ ጦር ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ተቀብሎታል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስም በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ውጊያ የደንብ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ከእውነተኛው ጦርነት ይህ ትንሹ እንደሚሻል ተከራክሯል። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ባለፈው ክረምት ካርቶኑን ከፈትሁ። ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ቀለም አያስይዝምና አስቀድሜ በሳሙና አጠብኋቸው። ከዚያ የሥር ቀለም፤ ቀጥሎ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ቀይ አንገትጌ፣ ነጭ ሱሪ። በቆባቸው ላይ ያለችው ትንሽ የሱፍ ኳስ እንኳ ትርጉም አላት፤ በ1812ቱ ደንብ አረንጓዴዋ አንደኛውን ሻምበል፣ ውሃ ሰማያዊዋ ሁለተኛውን፣ ብርቱካናማዋ ሦስተኛውን፣ ሐምራዊዋ አራተኛውን ታመለክታለች። በመጨረሻ ውሃ የበዛበት ቡናማ ቀለም በላዩ ይፈስሳል፤ በልብሱ እጥፋት ሲቀር ጥላ ይሆናል፤ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ዐይንና ጉንጭ ብቅ ይላሉ። ለአንድ ወታደር አንድ ምሽት ይፈጃል።

ስለዚያው ዘመቻ ለተማሪዎቼ በአድናቆት የማሳየው አንድ ሥዕል አለ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ሚናር በ1869 ያዘጋጀው ሲሆን፣ የኔመንን ወንዝ የተሻገረው የ422,000 ሰው ሠራዊት እየሳሳ ሄዶ በ10,000 ሲመለስ በመስመር ውፍረት ያሳያል። በሥዕሉ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ዐሥር ሺህ ሰው ነው። እኔ በቀን አንድ እየቀባሁ ያን ሠራዊት ልጨርስ ብል ከ1,150 ዓመት በላይ ያስፈልገኛል። ይህን ያሰላሁት ብሩሽ በእጄ ይዤ ነው፤ ካሰላሁ በኋላ ግን ያን ምሽት መቀጠል አልቻልሁም።

ምክንያቱን ልናዘዝ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሰሜን ጦርነት በነበረበት ወቅት እኔም እንደ ሚናር መስመር አሰምር ነበር፤ ያውም ያለ እርሱ ጥንቃቄ። «ግንባሩ ተሰበረ»፣ «ኃይሉ ተመናመነ» እያልሁ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ አንድ ተማሪ ጠብቆ አገኘኝና አንገቱን ደፍቶ፣ «ዶክተር፣ ተሰበረ ያሉት ግንባር ላይ ታላቅ ወንድሜ አለ። የሚያውቁት ነገር ካለ ብዬ ነው» አለኝ። የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረኝም። «አይዞህ» ብዬው ወደ ቢሮዬ ገባሁ። የወንድሙን ስም እንኳ አልጠየቅሁትም።

እስከ ዛሬ ዐርባ አንድ ወታደሮች ቀብቻለሁ፤ ሰባ ዘጠኝ ይቀሩኛል። ሲያልቁ እንደማልጫወትባቸው ዐውቄያለሁ። ስለ ጦርነት መጻፌን ግን አልተውም፤ መጻፍ ያለበት ጉዳይ ነውና። ብቻ «ተመናመነ» የሚለውን ቃል ልጽፍ ስል፣ አሁን እጄ ትንሽ ይዘገያል። ተማሪው ከተመረቀ ቆይቷል፤ ወንድሙ ይመለስ አይመለስ አልሰማሁም።

ቸር ያሰማን።